በሞተር ብስክሌት ስለሚጫን ከረጢት፤ አመራረጡና አስተሳሰሩ

ከወልድያና ከመርሳ ወደ ግራና የሚሄደው የንግድ ዕቃ ሁሉ በጭነት መኪና የሚሄድ አይደለም። የውሃ ፓምፕ መለዋወጫ፥ የአትክልት ዘር፥ የእንስሳት መድኃኒት፥ የእጅ ስልክ ዕቃ፥ ደብተርና ሰነድ፥ ይህን የመሰለው መጠኑ ጥቂት ዋጋው ግን ከፍ ያለ ዕቃ የሚደርሰን ከሞተረኛ ኋላ ታስሮ ነው። ባለሱቁ መኪናው እስኪሞላ ሁለት ቀን ከሚጠብቅ ሞተረኛ ልኮ በግማሽ ቀን ያስመጣል። ስለ ሞተሩ ዋጋ፥ ስለ ነዳጁና ስለ መንጃ ፈቃዱ ብዙ ሲነገር እንሰማለን። ዕቃው ስለሚገባበት ከረጢትና ስለሚታሰርበት ጠፍር ግን ተጨንቆ የሚያስብ ነጋዴ ጥቂት ነው። እኔም አንድ ጥፋት እስኪያስተምረኝ ድረስ አላሰብኩበትም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2010 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፥ የመስኖ ሽንኩርት በመደብ ላይ በሚዘራበት ሰሞን፥ በጸሐፊነት የማገለግልበት ሱቅ 12 ቆርቆሮ የሽንኩርት ዘር ከወልድያ አስመጣ። ዘሩ ገበሬዎቻችን ቦምቤ ሬድ የሚሉት ነበር። ሞተረኛው ቆርቆሮዎቹን በሁለት ባዶ የማዳበሪያ ከረጢቶች ከትቶ፥ የከረጢቶቹን አፍና አፍ አስሮ፥ በመቀመጫው ላይ አሻግሮ ስድስቱን በግራ ስድስቱን በቀኝ አንጠለጠለ፤ በላዩም ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቆረጠ ጎማ ጠፈረው። እስከ መርሳ በደኅና መጣ። ከመርሳ ወዲህ መንገዱ ሲያንገጫግጨው ጎማው ተለጠጠ፤ የቀኙ ከረጢት ወርዶ በማርሚታው ላይ ተኛ። ከረጢቱ ቀልጦ ተቀደደ፤ ሁለት ቆርቆሮ በመንገድ ጠፋ፤ የተቀደደውም ጫፍ በኋላው ጎማ ተጠቅልሎ ሞተሩን ጣለው። ልጁ የእጁ አንጓ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት ከሥራ ውሎ ቀረ።

የቀሩት አራት ቆርቆሮዎች በማርሚታው ላይ ተደግፈው የመጡ ናቸው። ቀለማቸው ከመጥቆሩ በቀር ምንም ያልሆኑ ይመስሉ ነበር። የሱቁ ባለቤት አገላብጠው አይተው፥ «እንደታሸገ ነው፤ ምን ሁኗል? ይሸጥ» አሉ። የሽንኩርት ዘር ሙቀትና እርጥበት ቶሎ የሚያጠፉት ዘር መሆኑን ስለማውቅ፥ «ጋሼ፥ አሥር ቀን ብቻ ይስጡኝ» ብዬ ለመንኳቸው። ከጠቆረው ቆርቆሮ 100 ፍሬ፥ ከግራው ቆርቆሮ 100 ፍሬ ቆጥሬ በሁለት እርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኩ። በአሥረኛው ቀን የግራው ጨርቅ አረንጓዴ ሁኖ ተገኘ፤ ከጠቆረው ግን ሩቡ እንኳ አልበቀለም። ባለቤቱ በዓይናቸው አይተው አራቱንም ቆርቆሮ አስጣሉ። ያን ዘር ሸጠነው ቢሆን ገበሬው መደቡን ሠርቶ፥ አጠጥቶ፥ ሳምንታት ጠብቆ ባዶ አፈር ያገኝ ነበር፤ የዘር ጊዜውም ያልፍበት ነበር። ስድስት ቆርቆሮ ዘርና የልጁ ሕክምና በመዝገቤ በአንድ ገጽ ተጽፈዋል። የሁሉም ምክንያት በጥቂት ብር ሊገዛ ይችል የነበረ አንድ ጠፍር ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ስመረምረው አዲስ ትምህርት አለመሆኑን ተረዳሁ። አባቴ በወጣትነታቸው ከሲራራ ነጋዴዎች ጋራ አህያና በቅሎ እየጫኑ ይሄዱ ነበር። ጭነቱን ለሁለት እኩል ሳይከፍሉ፥ ድልድሉን ሳያስተካክሉ፥ ጥቂት መንገድ ሄደውም መጫኛውን መልሰው ሳያጠብቁ ጉዞ አይቀጥሉም። ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ እንደሆነ የከብቱ ጀርባ ይገጠባል፤ የተገጠበ አህያ ደግሞ ለወር ያህል አይጫንም። ሞተር ጀርባው አይገጠብም፤ በእርሱ ፈንታ ብየዳው ይሰነጠቃል፥ የከረጢቱ ጥግ ይበሳል፥ ነጂው ይወድቃል። የግራና ሰው ግራና ቀኝ ማመዛዘን ከስሙ ጋራ የተሰጠው ነው እያሉ የሚቀልዱ አሉ፤ በሞተር አጫጫናችን ግን እስካሁን አልታየም።

በመጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ የብረት ወይም የፕላስቲክ ሣጥን ይሻላል ወይስ ከረጢት የሚለው ነው። ሣጥን ይቆለፋል፤ የሚሰበር ዕቃንም በሚገባ ይጠብቃል። ነገር ግን ባዶው ራሱ ከባድ ነው፤ መያዣ ብረቱም ሲጨመር በትንሽ ሞተር ላይ ብዙ ኪሎ ያለ ትርፍ ይጫናል። ከዚህም የባሰው፥ በአሸዋ ወይም በጭቃ ሞተሩ ሲንሸራተት ነጂው እግሩን መሬት ያወርዳል፤ በዚያን ጊዜ የሣጥኑ ጠርዝ ባቱን ከኋላ ይመታዋል፥ ወይም ሞተሩ ሲወድቅ እግሩን ከሥሩ ይይዘዋል። ከረጢት ግን ይተጣጠፋል፤ ሲወድቅም ይሰለባል እንጂ አይሰብርም። ስለዚህ ለኮረኮንችና ለጠባብ መንገድ ከረጢትን እመርጣለሁ። ጉድለቱ በምላጭ መቆረጡ ነው፤ ስለዚህም ገንዘብና የእጅ ስልክ ያለበትን ከረጢት በሞተሩ ላይ ትቶ ሻይ ቤት መግባት አይገባም።

አሁን ወደ ጨርቁ እንምጣ፤ ይህ ክፍል በተለይ አስመጪዎችን ይመለከታል። የማዳበሪያ ከረጢት የሚሠራበት ፖሊፕሮፒሊን 165 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይቀልጣል፤ ፀሐይም ቶሎ ያደርቀውና ይፈረፍረዋል። ናይሎን እንደ ዓይነቱ ከ220 እስከ 265 ዲግሪ ድረስ ይችላል። የጥጥ ሸራ አይቀልጥም፤ ነገር ግን ያርራል፥ ውሃም ይጠጣል። ከሞተሩ አጠገብ ያለው የጭስ ማውጫ ቱቦ ከ200 ዲግሪ በላይ ስለሚግል፥ ማርሚታውን ነክቶ የሚቀመጥ ጨርቅ ዓይነቱ ምንም ቢሆን መጥፋቱ አይቀርም። ጥሩ ጨርቅ መግዛት ከሙቀት ማራቅን አይተካም ማለት ነው።

በናይሎን ከረጢት ላይ 600፥ 1,000 ወይም 1,680 ዴኒየር የሚል ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ዴኒየር ማለት 9,000 ሜትር የሚረዝም ክር በግራም የሚመዝነው ነው፤ እንግዲህ የ1,000 ዴኒየር ክር በ9 ኪሎሜትር ርዝመቱ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ክሩ ይወፍራል፤ በድንጋይና በእሾህ መፋተግንም ይበልጥ ይችላል። ለእኛ መንገድ ከ1,000 በታች ባይሆን ይመረጣል። የጨርቁ ጥንካሬ ብቻ ግን አይበቃም፤ ውሃ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በስፌቱ ቀዳዳ ነው። ፒቪሲ የተቀባ ሸራ ስፌቱ በሙቀት ከተበየደ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ አይገባበትም። አፉም በዚፕ ከሚዘጋ ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎ በዘለበት የሚያዝ ይሻላል፤ ዚፕ የበጋውን አቧራ ሲቅም ጥርሱ ይያዛል፥ አንድ ጊዜ ከተያዘም በኃይል ሲስቡት ይነቀላል።

ለአስመጪዎች አንድ ነገር ልጨምር። ከውጭ የሚመጣው ከረጢት ብዙ ጊዜ የተለካው ሰፊ መቀመጫና ከፍ ያለ ማርሚታ ላላቸው ትልልቅ ሞተሮች ነው። በእኛ አገር የሚበዙት ግን እንደ ባጃጅ ቦክሰርና እንደ ቲቪኤስ ያሉ ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሆኑ ቀጫጭን ሞተሮች ናቸው። የትልቁ ሞተር ከረጢት በእነዚህ ላይ ሲንጠለጠል ታችኛው ጥጉ ከጎማው ሽቦዎች ይደርሳል። ትእዛዝ ከመጻፍ በፊት ሞተሩን በሜትር መለካት፥ ከመቀመጫው እስከ ማርሚታው ያለውን ቁመትና እስከ ኋላው ፍሬቻ ያለውን ርዝመት በፕሮፎርማው ላይ ማስገባት ያስፈልጋል። ትርፍ ጠፍርና ዘለበትም አብሮ ይታዘዝ። ከረጢት ሸጦ ጠፍር የማይሸጥ ሱቅ ደንበኛውን መልሶ ወደ ከመነዳሪ ጎማ ይሰደዋል።

ከረጢቱ ምንም ቢመረጥ የሚደገፍበት ብረት ከሌለው ወደ ጎማው መግባቱ አይቀርም። ይህን ብረት ማናቸውም ብየዳ ቤት ከ10 ሚሊሜትር ፌሮ አጥፎ ይሠራዋል። የኋላውን የዕቃ ማስቀመጫ በሚይዙት ቡሎኖች ላይ በዳዶና በሮንዴላ ይታሰር እንጂ በቴላዮው ላይ አይበየድ፤ ብየዳው ቴላዮውን ያዳክመዋል፥ ባትሪው ሳይነቀል የተበየደ እንደሆነም የኤሌክትሪክ ዕቃው ይቃጠላል። በማርሚታው በኩል ከረጢቱ ቢያንስ አንድ የእጅ መዳፍ ያህል ይራቅ። በመካከልም ከላሜራ የተቆረጠ ጋሻ ይደረግ፤ ጋሻው ማርሚታውን መንካት የለበትም፥ ነፋስ በግራና በቀኙ ሊያልፍ ይገባል። እኛ ይህን ካሠራን ወዲህ አንድም ከረጢት አልተቃጠለብንም።

ሲለካ ደግሞ ቆሞ ብቻ አይለካ። ዕቃው ተጭኖ፥ ነጂው ተቀምጦ፥ ሁለት ሰው ከኋላ ተጭኖ አሞርዛተሩን እስከ ታች ያውርደው፤ አንድ ሰው ደግሞ ጎንበስ ብሎ ከረጢቱ ጎማውን፥ ካቴናውን ወይም ማርሚታውን ይነካ እንደሆነ ይመልከት። ቆሞ ሲታይ አራት ጣት የራቀው ከረጢት በጉድጓድ ላይ ጎማውን የሚላስ ሁኖ ይገኛል። የልጁን አንጓ የሰበረው ይህን አለማየታችን ነበር።

ስለ ክብደት፥ የሞተሩ መጽሐፍ የሚሰጠው ልክ ነጂውንም የሚጨምር መሆኑን ብዙ ሰው ይረሳል። ለምሳሌ ልኩ 150 ኪሎ ቢሆን፥ ነጂው 65፥ ከረጢቱና ብረቱ 10 ኪሎ ቢመዝኑ፥ ለዕቃ የሚተርፈው 75 ኪሎ ነው። አንድ ሰው ከኋላ የተፈናጠጠ እንደሆነ 10 ኪሎ ብቻ ይቀራል። የተፈቀደውም ቢሆን በማናቸውም ስፍራ አይቀመጥም። ከባዱ ዕቃ ከከረጢቱ ሥር፥ ወደ ነጂው ተጠግቶ ይግባ፤ ቀላሉ ከላይ ይሁን። ከኋላው ጎማ እምብርት አልፎ የተጫነ ክብደት የፊቱን ጎማ ያቀለዋል፤ መሪውም ዳገት ላይ ይዋልላል። ሁለቱ ከረጢቶች በሱቁ ሚዛን ላይ ለየብቻ ይመዘኑ፤ የአንድ ኪሎ ልዩነት አይጎዳም፥ አምስት ኪሎ ግን ነጂው ቀኑን ሙሉ ወደ አንድ ጎን እንዲታገል ያደርገዋል። ጎማውም ለጭነት የተጻፈውን ያህል ይነፋ።

ጠፍሩ የማይለጠጥ ይሁን። የከመነዳሪ ጎማ በላይ ለመደረብ ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን አይታመንም። እያንዳንዱ ከረጢት ወደ ታችና ወደ ፊት የሚስብ ጠፍር ይኑረው፤ ጠፍሩም ከብረቱ ጋራ እንጂ ከፍሬቻው ወይም ከጭቃ መከላከያው ጋራ አይታሰር። የተረፈው ጫፍ ተጠቅልሎ ይቋጠር፤ የሚወዛወዝ ጫፍ ካቴና ውስጥ ገብቶ ብዙ ሰው ጥሏል። ታርጋው፥ የኋላ መብራቱና ፍሬቻው በከረጢት አይሸፈኑ። ከአምስት ኪሎሜትር በኋላ ቆሞ እንደገና ማጥበቅ የግድ ነው፤ ዕቃው እየተንገጫገጨ ስለሚሰፍር ያን ጊዜ ያልላላ ጠፍር አላየሁም። የእኛ ልጅ አሁን ከወልድያ ሲነሣ መጀመሪያ የሚቆመው ሻይ ለመጠጣት ሳይሆን ለዚህ ነው።

በግራና በኩል አትክልት ስለሚበዛ አንድ ከባድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም የፀረ ተባይ መድኃኒት ነው። የመድኃኒቱን ጠርሙስ ከስኳርና ከዱቄት ጋራ በአንድ ከረጢት ከትቶ የሚሄድ ሞተረኛ አሁንም አለ። ጠርሙሱ በመንገድ ሲሰበር ወይም ክዳኑ ሲላላ ዱቄቱ ጠጥቶት ምንም ላይታይ ይችላል። መድኃኒት ለብቻው ከረጢት፥ በቀለም ተለይቶ፥ ቀጥ ብሎ ቁሞ ይጫን፤ ያ ከረጢትም ቢታጠብ እንኳ ምግብ ከቶ አይግባበት። በዚህ ነገር ላይ ከባለሱቆች ጋራ ብዙ ጊዜ ተከራክሬያለሁ፤ ሁለተኛ ከረጢት ይወደዳል ለሚሉኝ የምመልሰው የአንድ ኩንታል ዱቄት ዋጋ እያሳየሁ ነው። ደረሰኝና የዕቃ ዝርዝር ግን በከረጢቱ ሳይሆን ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ሁኖ በነጂው ደረት ኪስ ይያዝ፤ ተቆጣጣሪ ሲያስቆም የታሰረ ጭነት መፍታት አያስፈልግም።

ከውጭ የመጣው ለከበደው ሰው ከመኪና ሸራ የሚያሰፋ የልብስ ወይም የጫማ ሰፊ አያጣም። ስፌቱ ድርብ ይሁን፤ ጠፍሩ የሚያዝበትም ስፍራ በሌላ ሸራ ይደረብ፤ መጀመሪያ የሚቀደደው እዚያ ነውና። ውስጡ ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት ከተደረገበት ዝናቡን ይችላል። የእኛ ሱቅ በእንዲህ ያለው ሁለት ዓመት ሠርቷል፤ ከናይሎኑ የሚያንሰው በመክበዱ ነው።

የገበያው ዕለት ሲያልፍ ከረጢቱ ተራግፎ፥ ታጥቦ፥ በጥላ ይደርቃል። ጠፍሩ ከዘለበቱ ሥር ስለሚላጭ በዚያን ጊዜ በጣት እየዳሰሱ ማየት ነው፤ የተላጨውን ቋጥሮ እንደገና ማሰር አይበጅም፥ መለወጥ ይገባል። በሱቃችን ከሚዛኑ በላይ ባለው ሚስማር ሁለት አዲስ ጠፍር ዘወትር ተሰቅሎ ይገኛል፤ አንዱ ሲወርድ ሌላ ለመግዛት በዚያው ቀን በመዝገቡ ይጻፋል።