ብቻችንን ስንጓዝ፦ ሐረር በተማሪ በጀት



የሴሚስተር እረፍት ሲቃረብ በጀመዓችን አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። "ጓደኞቼ ሁሉ ወደ ቤተሰብ ሊሄዱ ነው፤ እኔ አገሬን ማየት እፈልጋለሁ፤ ግን ብቻዬን ነኝ፣ ብሩም ትንሽ ነው።" ዛሬ ለዚህ ጥያቄ አንድ እቅድ በምሳሌ እንሠራለን። ምሳሌያችን ከአዲስ አበባ ሐረር ነው። የቅርስነቱ ነገር የታወቀ ነው፤ ጀጎል በ2006 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፣ በውስጡም 82 መስጂዶች ይቆጠራሉ። ለእኛ ኪስ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ስፋቱ 48 ሄክታር ገደማ ብቻ ነው። በእግር የሚያልቅ ከተማ ርካሽ ከተማ ነው።

መጀመሪያ "ብቻ" የሚለውን ቃል እንያዝ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው በሌሊት ብቻውን እንዳይጓዝ ማስጠንቀቃቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። ዑለማዎች ሲያብራሩት በብቸኝነት ውስጥ ካለው አደጋ ጋር ያያይዙታል። ሰው በሞላበት አውቶቡስ በቀን መሄድ ከዚህ ምን ያህል ይለያል የሚለውን ኡስታዞቻችሁን ጠይቁ፤ እኔ ፈትዋ ለመስጠት አልተነሳሁም። ለእህቶች የመሕረም ጉዳይ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ ከመሕረም ጋር ለምትሄዱት ግን ከዚህ በታች ያለው ሂሳብ ለሁለት ሰው ሲሆን እንዲያውም ይረክሳል፣ አንድ ክፍል ለሁለት ይበቃልና።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፦ የመንገድ ጓደኛ ሥራው ምንድን ነው? መጸዳጃ ቤት ስትገቡ ሻንጣ ይጠብቃል። ለሱብሒ ይቀሰቅሳል። ብር ሲያልቅ ያበድራል። ስትታመሙ ለቤተሰብ ይደውላል። ባለሱቁ ዋጋ ሲሰቅል ክንዳችሁን ይጎትታል። በምህንድስና አንድን ክፍል ከሲስተሙ ካወጣን ሥራውን ለሌላ ክፍል መስጠት ግዴታ ነው፤ አለዚያ ማሽኑ ይቆማል። ብቻውን የሚጓዝ ሰው እቅድ ማለትም የጓደኛውን ሥራ አንድ በአንድ ቀድሞ ማከፋፈል ነው።

ከቀኑ እንጀምር፤ ብዙ ብር የሚባክነው ቀን ባለመምረጥ ነውና። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው። በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ የሚወስደው መንገድ በሰው ይሞላል፣ በድሬዳዋም በሐረርም አልጋ ማግኘት ይከብዳል። ሐምሌ 19ም እንዲሁ። የሸዋል ዒድ ሰሞን ደግሞ ሐረር በጣም ታምራለች፤ በዓሉ በ2023 እንደ ፈረንጆች በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ለበዓሉ ብላችሁ ከሆነ የምትሄዱት አልጋ ቀድማችሁ ያዙ። ከተማዋን በእርጋታና በትንሽ ብር ማየት ለሚፈልግ ግን ተራ ሳምንት ይሻላል።

መንገዱ 520 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአዳማ፣ በአዋሽ፣ በአሰበ ተፈሪ (ጭሮ) አድርጎ የጨርጨርን ተራራ ይወጣል፤ ደንገጎ ላይ አንዱ ወደ ድሬዳዋ፣ ሌላው ወደ ሐረር ይታጠፋል። አውቶቡስ ጎህ ሲቀድ ከተነሳ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይደርሳል። ሌላው አማራጭ ባቡር ነው፤ ከፉሪ ለቡ ተነስቶ ድሬዳዋ ያወርዳችኋል፣ ከዚያ ሐረር በሚኒባስ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ሁለቱም የባቡር ጣቢያዎች ከከተማ ወጣ ያሉ ስለሆኑ የታክሲውን ሂሳብ ሳትደምሩ ባቡር ረከሰ እንዳትሉ። በየትኛውም ሂዱ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን መድረሻችሁ ላይ ላለ ሰው ደውሉና መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ። ሰላም ካልሆነ ጉዞው ይቀራል። ትኬት የተከፈለበት ነው ብሎ መሄድ ሂሳብ አይደለም።

እዚህ ላይ የሶላቱን ነገር ከመንገዱ ሰዓት ጋር አብራችሁ አቅዱ። መድረሳ የሙሳፊርን ሶላት ስንቀራ እርቀቱን በመርሐላ ነበር የቆጠርነው፤ በሻፊዒይ መዝሀብ ሁለት መርሐላ ወደ 81 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ሐረር ደግሞ ከስድስት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ቀስርም ጀምዕም ይፈቀዳል። አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም ዙሁር ገብቶ ከሆነ ዙሁርና አስርን ሁለት ሁለት ረከዓ አድርጋችሁ በአንድ ላይ ስገዱ። ዙሁር ሳይገባ ቆሞ ካለፈ ግን በዙሁር ወቅት ውስጥ የማዘግየቱን ኒያ ያዙና በአስር ወቅት አብራችሁ ትሰግዳላችሁ። ችግሩ ሱብሒ ነው፤ አያጥርም፣ ከሌላም ጋር አይጣመርም። አውቶቡሱ ሱብሒ ሳይገባ የሚነሳ ከሆነ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት የት እንደሚቆም ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ረዳቱን ጠይቁ። "እናያለን" ካለ ሌላ አውቶቡስ ፈልጉ። ውዱእ አድርጋችሁ ተሳፈሩ፤ ፌስታል ውስጥ የሚገባ ቀጭን መስገጃ ይበቃል። ሐረር ገብታችሁ ከአካባቢው ኢማም ኋላ ስትሰግዱ ደግሞ አራቱን ረከዓ ሙሉ ነው፤ ቀስሩ እዚያ አይሠራም።

አሁን ወደ ብሩ። ታሪፍ በየጊዜው ስለሚለወጥ ዘዴውን ብቻ ላሳይ። የደርሶ መልስ ትራንስፖርት 2,000 ብር፣ የቀን ወጪ (አልጋና ምግብ) 600 ብር ነው እንበል። ሁለት ቀን ብትቆዩ 3,200 ብር፣ በቀን 1,600 ይመጣል። አራት ቀን ብትቆዩ 4,400 ብር፣ በቀን 1,100። ትራንስፖርቱ ቋሚ ወጪ ስለሆነ ሩቅ ሄዶ ቶሎ መመለስ ውድ ነው። ለሁለት ቀን ብቻ ጊዜ ያለው ሰው ሐረርን ትቶ ቅርብ ቦታ ቢመርጥ ይሻለዋል። በሌላ በኩል የመግቢያና የመውጫ ቀን ሳይቆጠር አራት ሙሉ ቀን ለመቀመጥ ያሰበ ሰው በሻፊዒይ እንደደረሰ የሙሳፊርነት ፈቃዱ ያበቃል። በዚያ ላይ ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ የሚሆን ብር ለብቻው አስቀምጡ። በዲዛይን ኮርስ ሴፍቲ ፋክተር የምንለው ነው፤ የሚያበድር ጓደኛ ስለሌለ። ይህ ብር ቴሌብር ላይ ይሁን፣ የቀኑ ወጪ በኪስ፣ የመመለሻው ትራንስፖርት በሌላ ኪስ። የመመለሻውን መንካት ሐራም ነው ልል ነበር፤ ሐራም እንኳ ባይሆን አትንኩት።

አልጋ ከጀጎል ውጭ ባሉት ፔንሲዮኖች ይረክሳል። ሳትከፍሉ ሦስት ነገር በዓይናችሁ እዩ፦ ውሃ ይመጣል ወይ፣ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል ወይ፣ ስልክ የሚሞላበት ሶኬት ይሠራል ወይ። ብዙዎቻችን የምናስበው ግን ከአንድ የጀመዓ ወንድም ቤተሰብ ዘንድ ማረፍን ነው። መልካም ነው፤ ሐረሮችም እንግዳ ይወዳሉ። ነገር ግን የእንግድነት መብት ሦስት ቀን እንደሆነ፣ እንግዳም አስተናጋጁን እስኪያስቸግር መቀመጥ እንደማይፈቀድለት በሐዲስ ተምረናል። ባዶ እጅ አትግቡ፤ አንድ ኪሎ ስኳር ወይም ፍራፍሬ ከአንድ ሌሊት አልጋ ይረክሳል። ቤቱ ውስጥ የደረሱ ልጃገረዶች ካሉ ወይም ክፍሉ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ፔንሲዮን ያዙና ለሰላምታ ብቻ ሂዱ። እንዲህ ስታደርጉ ቤተሰቡም ያከብራችኋል።

ጀጎል ውስጥ አስጎብኚ ለመጀመሪያው ግማሽ ቀን ብቻ ያዙ፣ ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ፣ ሌሎች ጎብኚዎች ካሉ ተካፈሉት። ከዚያ በኋላ ብቻችሁን መዞር ትችላላችሁ። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፤ ብትጠፉ ግንቡን ተከተሉ፣ በር ላይ ያወጣችኋል። ለበሮቹ ከአንድ በላይ ስም ስላላቸው ግን አትደናገጡ፤ ሐረሪዎች አስመዲን በሪ የሚሉትን አማርኛ ተናጋሪው ሸዋ በር ይለዋል። ቁርስ ፉል ወይም ሳምቡሳ ያጠግባል። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ በተለይ እናቶችን። ማታ ጅብ ሲቀለብ ለማየት ከሄዳችሁ የመመለሻ ባጃጅ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ከግንቡ ውጭ በጨለማ ብቻ መመለስ አይገባም።

የመጨረሻው የጓደኛ ሥራ ያላችሁበትን ማወቅ ነው። ለአንድ የቤተሰብ አባልና ለአንድ የዶርም ጓደኛ የአውቶቡሱን ታርጋና የምታርፉበትን ቤት ስም ላኩ፣ በየቀኑ ከመግሪብ በኋላ እንደምትደውሉም ተስማሙ። እናት ስትጠብቅ ያንን ሰዓት አታሳልፉ። የተማሪ መታወቂያችሁንና የፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያችሁን ኬላ ላይ ቶሎ በሚወጣ ኪስ አድርጉ፣ ኮፒውን ሻንጣ ውስጥ። መመለሻችሁንም ምዝገባ ከሚጀመርበት ቀን ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድሙ፤ አውቶቡስ መንገድ ላይ ሊበላሽ ይችላል፣ ሬጅስትራር ደግሞ አይጠብቅም።