የወንጀል ሕግና የሴቶች ጥቃት፤ ቅጣቱ የሚወድቀው በማን ላይ ነው?

በአቃቂ ፋብሪካ ደመወዝ የሚያገኝ ባል ሚስቱን ደብድቦ ቢታሰር፣ በማግሥቱ የሚራበው ማን ነው? የሕግ ተማሪዎች ባንሆንም ይህን ጥያቄ ልንመረምረው ይገባናል።

በመጀመሪያ የሕጉን ታሪክ እንመልከት። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ቢከለክልም፣ ልጅቷ ጠላፊዋን ፈቅዳ ካገባችው ክሱ ይቀር ነበር። ስለዚህ ጠላፊ ሁሉ ሽማግሌ መላክን መሸሸጊያው አደረገ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘጋ፤ በአንቀጽ 587 ለጠላፊ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደነገገ። በአንቀጽ 564 ደግሞ ሚስትን መደብደብ እንደ ማንኛውም የአካል ጉዳት እንዲያስቀጣ አደረገ። ሆኖም በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከጋብቻ ውጭ ለተፈጸመ ድርጊት ብቻ ወሰነው።

ሁለተኛ፣ የተጻፈ ሕግ ብቻውን አያድንም። በ1993 ዓ.ም. በአርሲ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። በጠላፊው ላይ 10 ዓመት ቢፈረድበትም በይግባኝ ተለቀቀ። ነገሩ እስከ አፍሪቃ የሰብአዊና የሕዝቦች መብት ኮሚሽን ደርሶ፣ በ2008 ዓ.ም. መንግሥት 150,000 ዶላር እንዲክሳት ተወሰነ። እስከዚያ ድረስ ልጅቷ ትልቅ ሴት ሆና ነበር።

ሦስተኛ፣ በአንቀጽ 556 ቀላል የአካል ጉዳት የሚከሰሰው ተበዳዩ አቤት ሲል ነው። እንግዲህ ሸክሙ ሁሉ በሚስት ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ሽማግሌው «ገመናሽን አደባባይ አታውጪ» ይላታል፤ አማቷ ታለቅሳለች፤ የቤት ኪራይም ይደርሳል። ብትከስ ልጆቿ ይራባሉ፤ ብትምር ባሏ ቂም ይዞ ይመለሳል።

ዱላው ለዓመታት የመረራት ሴት ባሏን ተኝቶ ሳለ ብትገድለውስ? አንቀጽ 78 የሚፈቅደው መከላከል በደረሰ ወይም ሊደርስ በተቃረበ ጥቃት ላይ ብቻ ስለ ሆነ፣ መከላከያዋ እምብዛም አይረዳትም። የቃሊቲ ወኅኒ ቤት ሴቶች ከነሕፃናታቸው ለብዙ ዘመን የታሰሩበት ስፍራ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እንዲህ ያለችዋ ሴት አስቀድማ ጣቢያ ሄዳ ቢሆን ኖሮ፣ ማደሪያ የሚሰጣት ማን ነበር?

ታዲያ ቅጣቱ ይቅር አንልም። በዳይ መቀጣት አለበት። ነገር ግን ክስ ያቀረበች ሴት የምታድርበት ቤትና የምትበላው እንጀራ ያስፈልጋታል። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር የሚሠራውን የመሰለ መጠጊያ በየክፍለ ከተማው ሊኖር ይገባል። እኛም የተማርነውን ይዘን ጣቢያ ድረስ አብረናት እንሂድ፤ አንቀጹን በሚገባት አማርኛ እናስረዳት። ይህ ከአቅማችን በላይ አይደለም።