የባንክ ሒሳብና የጤና መድን፦ ከባቲ ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ ተማሪ

ውጭ አገር የሚማር ሰው የባንክና የመድን ጉዳዩን መስመር ማስያዝ የሚጀምረው ገና ባቲ ሳለ ነው። የትምህርት ክፍያ የሚላከው በባንክ ሲሆን፣ ባንኩ የቅበላ ደብዳቤ፣ የዩኒቨርሲቲውን የክፍያ መጠየቂያና ፓስፖርት ይጠይቃል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪ ዋጋን የሚወስነው ገበያ በመሆኑ ቤተሰብ ብሩን ማስላት ያለበት በክፍያው ሰሞን ዋጋ ነው። ከጥቁር ገበያ ዶላር መግዛት ግን በወንጀል ያስጠይቃል።

በሰነዶች ላይ ያለው ስም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። «ሙሐመድ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል በፓስፖርቱ በአንድ መንገድ፣ በትምህርት ማስረጃው በሌላ ከተጻፈ ባንክ ሁለት ሰው አድርጎ ሊያየው ይችላል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተመዘገበ የልደት ዓመት ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሳይቀየር ከተተረጎመም የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ይፈጠራል።

አገር ቤት የሚቀር ሒሳብና ንብረት ውክልና ይፈልጋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ያሠራል፤ ቤት ለመሸጥ፣ በመያዣ ለመስጠት ወይም ለመክሰስ አንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ስለዚህ ገንዘብ የማውጣት ሥልጣን በሰነዱ ላይ በግልጽ ቢጻፍ ይበጃል። ተማሪው ከሄደ በኋላ ውክልና መስጠት የሚችለው በኤምባሲ በኩል ነው።

ጀርመን ለቪዛ ብሎክድ አካውንት (ገንዘቡ ታግዶ የሚቀመጥበት ሒሳብ) ትጠይቃለች። ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መጠኑ በዓመት 11,904 ዩሮ ነው፤ ከዚህም በወር 992 ዩሮ ይለቀቃል። ቤተሰብ በባቲ የሰኞ ገበያ ከብት ሸጦ ሊያጠራቅመው የሚችለው ይህ ገንዘብ የተማሪው ንብረት እንጂ ለመንግሥት የሚከፈል ክፍያ አይደለም፤ ቪዛ ቢከለከል ይመለሳል። በአውሮፓ ኅብረት መመሪያ 2014/92 መሠረት በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ተማሪ መሠረታዊ ሒሳብ የመክፈት መብት አለው። ባንኩ ማመልከቻው ተሟልቶ በቀረበ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መክፈት ወይም እንቢታውን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ገቢ ማነስ ለእንቢታ ምክንያት አይሆንም። እንቢታውን የያዘው ደብዳቤ አቤቱታ ለማቅረብ ዋናው ማስረጃ ስለሆነ በጥንቃቄ መቀመጥ አለበት።

የቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርድ ውጭ አገር አይሠራም። በጀርመን ያለ መድን ማስረጃ ዩኒቨርሲቲ መመዝገብ አይቻልም፤ ከ30 ዓመት በታች የሆነ ተማሪ በሕዝባዊው መድን በተማሪ ዋጋ ይገባል። ይህን ትቶ የግል መድን የመረጠ ተማሪ ትምህርቱ እስኪያልቅ ወደ ሕዝባዊው መመለስ አይችልም፤ ዋጋው ረከሰ ብሎ መፈረም አይገባም። በቱርክ የመንግሥቱን የጤና መድን የሚፈልግ ተማሪ በተመዘገበ በ3 ወር ውስጥ ማመልከት አለበት። ብሪታኒያ የጤና ክፍያውን ከቪዛው ጋር ታስከፍላለች። ወደ አሜሪካ በጄ-1 ቪዛ የሚሄድ ተማሪ መድኑ ለአንድ ሕመም ወይም አደጋ ቢያንስ 100,000 ዶላር፣ አስከሬን ወደ አገር ለመመለስም 25,000 ዶላር የሚሸፍን መሆን አለበት።

የመድን ቅጽ ሲሞላ የነበረ ሕመም መደበቅ የለበትም። በኢትዮጵያ የንግድ ሕግም ሆነ በብዙ አገሮች ሕግ ሆን ተብሎ የተደበቀ ሕመም ውሉን ያፈርሳል፤ መድን ሰጪውም ካሳ ላለመክፈል መብት ያገኛል።