ስለ ምስር ከተማና ስለ ዓባይ ዳርቻዋ

የዓባይ ወንዝ ከደጋችን ወርዶ ወዴት እንደሚደርስ ተማሪዎችን ብንጠይቃቸው፥ ብዙዎቹ «ወደ ግብጽ ይሄዳል» ብለው ይመልሳሉ። መልሱ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚያ ደርሶ ምን እንደሚሠራ፥ የዚያም አገር ሰዎች በዳርቻው ምን እንደ ሠሩበት የሚያስረዳ ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት የግብጽ ዋና ከተማ የሆነችውን ካይሮን፥ በቀድሞ መጻሕፍታችን ምስር የምትባለውን፥ ከደቡብ ጀምረን ወደ ሰሜን በወንዙ ዳር እያየን እናልፋለን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተቈጠሩ ናቸው።

አስቀድሞ የውሃውን ነገር ማወቅ ይገባል። ነጩ ዓባይ ከታላላቅ ሐይቆች ወጥቶ ዓመቱን ሙሉ እጅግ ሳይጨምር እጅግም ሳይቀንስ በዝግታ ይፈሳል። የእኛ ዓባይ ግን በክረምት ሞልቶ በበጋ የሚጐድል ነው። ሁለቱ በካርቱም ይገናኛሉ፤ ከካርቱም በታች ደግሞ ተከዜ ይጨመራል። በዓመት ወደ ግብጽ ከሚወርደው ውሃ ከመቶው 85 ያህሉ ከኢትዮጵያ ተራሮች በዓባይ፥ በተከዜና በባሮ የሚሄድ ነው። በካይሮ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚዘንበው ዝናም ተጠራቅሞ ቢለካ ከ3 ሳንቲሜትር አይበልጥም። እንግዲህ የዚያ አገር ገበሬ ወደ ሰማይ አይመለከትም፥ የሚመለከተው ወደ ወንዙ ነው። ታላላቆቹ ግድቦች ሳይሠሩ በፊት፥ በእኛ አገር ክረምቱ ሲገባ ወንዙ በሰኔ መጨረሻ በካይሮ መነሣት ይጀምር ነበር፤ በነሐሴና በመስከረም ሞልቶ እርሻውን ሁሉ ይሸፍናል፤ በጥቅምት ሲሸሽ ጥቁር ጭቃ ትቶ ይሄዳል። ገበሬውም በዚያ ጭቃ ላይ ይዘራል።

ከከተማይቱ በስተ ደቡብ ከሁሉ የሚቀድመው ስፍራ ባቢሎን የሚባለው የሮማውያን ምሽግ ነው። ይህ ባቢሎን ናቡከደነፆር የነገሠበት ባቢሎን አይደለምና ተማሪዎች እንዳይሳሳቱ መምህሩ ያስጠንቅቃቸው። በሁለተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሮማው ንጉሥ ትራያኖስ ከዓባይ ተነሥቶ ወደ ቀይ ባሕር የሚሄድ ቦይ አስቈፈረ፤ በአፉም ላይ የመርከብ ማረፊያ አሠራ። በ300 ገደማ ዲዮቅልጥያኖስ በዚያው ስፍራ ምሽጉን አሠራው። ሁለት ታላላቅ ክብ ግንቦች ከውሃው አጠገብ ቆመው ነበር፤ ፍርስራሻቸው ዛሬም ይታያል። ነገር ግን ዛሬ ከግንቦቹ እስከ ወንዙ 400 ሜትር ያህል የብስ አለ።

ወንዙ እንዴት ሸሸ? ውሃ ጭቃ ተሸክሞ ሲሄድ በሚፈጥንበት በኩል ዳርቻውን ይቦረቡራል፤ በሚዘገይበት በኩል ደግሞ ጭቃውን ይጥላል። በካይሮ ጭቃው የተጣለው በስተ ምሥራቅ ዳር ስለ ሆነ፥ ወንዙ ከመቶ ዓመት ወደ መቶ ዓመት ወደ ምዕራብ ራቀ፤ ሰዎቹም በአዲሱ መሬት ላይ ቤት ሠሩበት። ጭቃውስ ከወዴት መጣ ቢባል፥ አብዛኛው ከጐጃም፥ ከወሎ፥ ከሸዋና ከጐንደር እርሻ በጐርፍ ታጥቦ የሄደ ነው። ከካይሮ ሰፈሮች ብዙዎቹ የቆሙት በእኛ አፈር ላይ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

በምሽጉ ውስጥ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ከሁሉ የታወቀችው አል ሙዐለቃ የምትባለው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ትርጓሜውም «የተንጠለጠለች» ማለት ነው። እንዲህ የተባለችበት ምክንያት በሮማውያን ምሽግ በር ላይ ስለ ተሠራች ነው። የእስክንድርያ ሊቃነ ጳጳሳት በ11ኛው መቶ ዓመት መንበራቸውን ወደ ምስር ባዛወሩ ጊዜ በዚህች ቤተ ክርስቲያን ተቀምጠው ነበር። ለኢትዮጵያ የሚላኩት ጳጳሳት የሚሾሙት ከዚሁ መንበር እንደ ነበረ አንባቢ ያውቃል፤ ይህም ሥርዓት እስከ 1951 ቆይቶ በዚያ ዓመት አቡነ ባስልዮስ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፤ በ1959ም ፓትርያርክ ተባሉ። ከአል ሙዐለቃ ብዙ ሳይርቅ የሰርጊስና የባኮስ ቤተ ክርስቲያን አለ። እመቤታችን ከልጅዋና ከዮሴፍ ጋራ በስደቷ ጊዜ በዚያ አረፈች የሚባልበት ዋሻ ከመቅደሱ በታች ነው፤ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ወንዙ ሲሞላ ውሃ ከመሬት እየመነጨ ይገባበት ነበር። በዚያው ሰፈር የአይሁድ ምኵራብ አለ። አይሁድ የእግዚአብሔር ስም የተጻፈበትን ወረቀት መጣል ስለማይወዱ፥ ያረጀውን ጽሑፍ ሁሉ ለብዙ መቶ ዓመታት በአንድ ክፍል ያጠራቅሙ ነበር። በ1896ና በ1897 አብዛኛው ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ካምብሪጅ ተወሰደ፤ ቍራጩም 200,000 ያህል ነው። የነጋዴ ደብዳቤ፥ የጋብቻ ውል፥ የዕቃ ዋጋ፥ የልጆች ፊደል መማሪያ ሳይቀር ተገኝቶበታል። ተራ ወረቀት ለታሪክ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ ይታያል።

በ641 የዐረቦች አለቃ ዐምር ኢብን አል ዓስ ምሽጉን ያዘ፤ በአጠገቡም ፉስጣጥ የተባለችውን ከተማ ቈረቈረ፤ በስሙ የሚጠራውንም መስጊድ ሠራ። የትራያኖስንም ቦይ ጠርጎ እህል ወደ ዐረብ አገር እንዲጫንበት አደረገ። ስለ ዐምር የሚነገር አንድ ታሪክ አለ፦ የአገሩ ሰዎች ወንዙ እንዲሞላ በየዓመቱ አንዲት ድንግል ወደ ውሃው ይጥሉ ነበርና እርሱ ከልክሎ በእርስዋ ፈንታ የከሊፋውን ደብዳቤ ጣለ ይላሉ። ነገሩ ለጨዋታ ያምራል፤ ዐምር ሲመጣ ግን ግብጻውያን ክርስቲያኖች ከሆኑ ብዙ ዘመን አልፎ ስለ ነበረ ሊታመን አይችልም። ካይሮ ወይም አል ቃሂራ የተባለችው ከተማ የተቈረቈረችው ከዚህ ሁሉ በኋላ በ969 ነው፤ እርስዋም ከወንዙ ራቅ ብላ ተሠራች።

አሁን ለትምህርታችን ከሁሉ ወደሚበልጠው ስፍራ ደርሰናል። ከጥንታዊቱ ምስር ፊት ለፊት በወንዙ መካከል ሮዳ የምትባል ደሴት አለች። በደሴቲቱ ደቡብ ጫፍ ላይ ሚቅያስ የሚባለው የዓባይ መለኪያ ቆሟል። በ715 የተሠራ መለኪያ ቀድሞ በዚያ ነበረ፤ ዛሬ የሚታየው ግን በ861 በከሊፋው በአል ሙተወኪል ትእዛዝ የታነጸው ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። በጥልቅ ተቈፍሮ በጥርብ ድንጋይ የተገነባ ጕድጓድ አለ፤ በግድግዳውም ዙሪያ እስከ ታች የሚያወርድ ደረጃ አለው። በአንዱ በላይ አንዱ የሆኑ ሦስት የውስጥ ለውስጥ መተላለፊያዎች ከወንዙ ውሃ ያስገቡ ነበር። ስለዚህ በጕድጓዱ ያለው ውሃ ከወንዙ ጋራ እኩል ከፍ ይላል፥ እኩልም ዝቅ ይላል፤ ማዕበል ግን አይነካውም። በመካከሉ ስምንት ማዕዘን ያለው የእብነ በረድ ዓምድ ቆሟል፤ ዓምዱም በ19 ክንድ ተከፍሏል፤ አንዱ ክንድ ከግማሽ ሜትር ጥቂት ያልፋል። በግድግዳው ያሉት ቅስቶች ራሳቸው ሾጣጣ ነው፤ አውሮፓውያን እንዲህ ያለውን ቅስት በታላላቅ አብያተ ክርስቲያናቸው መሥራት የጀመሩት ከዚያ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቆይተው ነው።

ውሃው 16 ክንድ ሲደርስ ሙላቱ በቃ ይባል ነበር። ያን ጊዜ ወደ ከተማ የሚገባው ቦይ የታገደበት የአፈር ግድብ በታላቅ በዓል ይቈረጣል፤ ግብርም በሕዝቡ ላይ ይጣላል። 16 ሳይደርስ የቀረ እንደ ሆነ ብዙ እርሻ ሳይጠጣ ይቀራል፤ ረኃብ ይሆናል። እጅግ ከበዛም ጐርፉ መንደርና ጐተራ ይወስዳል። እንግዲህ ያ ዓምድ የወንዝ መለኪያ ብቻ አልነበረም፤ የመንግሥት ገንዘብ፥ የእንጀራ ዋጋ፥ የድኻ ሕይወት ይለካበት ነበር። መለኪያውን የሚጠብቀው የኢብን አቢ አል ረዳድ ወገን ሥራውን ከአባት ወደ ልጅ እየተቀባበለ ለብዙ መቶ ዓመታት ይዞታል። አዋጅ ነጋሪዎችም በየቀኑ ስንት ጣት እንደ ጨመረ በከተማው እየዞሩ ይናገሩ ነበር። የፋጢማውያን ከሊፋ አል ሙዒዝ ግን 16 ክንድ ሳይሞላ በአደባባይ እንዳይነገር ከለከለ። ሕዝቡ ውሃው ዘገየ ሲባል ይደነግጥ ነበርና፥ ነጋዴዎችም እህላቸውን ይሸሽጉ ነበርና። የእህል ነጋዴ ጠባይ በየአገሩና በየዘመኑ አንድ መሆኑን ሽማግሌዎች ይፈርዱታል።

በ1200ና በ1201 ውሃው ስለ ጐደለ በግብጽ የሆነውን ረኃብ በዐይኑ ያየው ሐኪም ዐብድ አል ለጢፍ አል ባግዳዲ ጽፎታል፤ የሰው ሥጋ እስከ መብላት ተደርሷል ይላል። በዚያ ዓመት በሮዳ ዓምድ ላይ የጐደለው ውሃ የኢትዮጵያ ክረምት መጕደሉን የሚናገር ነው። የእኛ ሊቃውንት ያልጻፉትን ድርቅ የሩቅ አገር ድንጋይ መዘገበው።

ስለዚህም በሁለቱ አገሮች መካከል ብዙ ተነግሯል። አል መኪን የተባለው የግብጽ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ በ13ኛው መቶ ዓመት እንደ ጻፈው፥ በአል ሙስተንሲር ዘመን ዓባይ ቢጐድል ሊቀ ጳጳሱ ሚካኤል ወደ ኢትዮጵያ ተላከ፤ ንጉሡም የታገደውን አስቈርጦ ውሃውን ለቀቀው ይላል። በዚያ ዘመን በነበረው መሣሪያ ዓባይን የሚያህል ወንዝ ማገድ የሚቻል አይመስለንም፤ ነገር ግን ግብጻውያን እንዲህ ያለውን ነገር ማመናቸው ፍርሃታቸውን ያሳያል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም በ1443 ወደ ሱልጣን ጃቅማቅ በላኩት ደብዳቤ፥ በግብጽ ያሉ ክርስቲያኖች እንዳይጐዱ ካሳሰቡ በኋላ፥ ውሃውን መከልከል ሲችሉ እግዚአብሔርን በመፍራትና ለሰው በማዘን እንደ ተዉት ገልጸዋል።

ከሮዳ ወደ ሰሜን ስንሄድ ቡላቅ ይገኛል። ይህ ሰፈር ወንዙ በሸሸበት አዲስ መሬት ላይ በ14ኛው መቶ ዓመት ተነሥቶ የካይሮ ወደብ ሆነ። ከሜዲቴራኒያን ባሕር የሚመጣው ዕቃ የሚራገፈው በዚያ ነበር፤ የሲናን ፓሻ መስጊድም በ1571 ተሠርቶ እስከ ዛሬ አለ። መሐመድ ዐሊ በ1820 የመንግሥቱን ማተሚያ ቤት በቡላቅ አቆመ፤ በዐረብ አገር ሁሉ የተሠራጩት ብዙዎቹ መጻሕፍት ከዚያ ወጡ። በ1863 ማሪዬት የተባለው ፈረንሳዊ የጥንት ዕቃ ቤተ መዘክር በዚያው ዳርቻ ከፈተ። በ1878 ግን ወንዙ ሞልቶ ወደ ቤቱ ገባና ዕቃውን አበላሸ፤ በኋላም ስብስቡ ወደ ጊዛ፥ በ1902 ደግሞ ዛሬ ታሕሪር በሚባለው አደባባይ ወዳለው ሕንፃ ተዛወረ። የጥንት ፈርዖኖች ዕቃ በዓባይ ዳር ሲቀመጥ ሙላቱን ማሰብ ይገባ ነበር።

ከቡላቅ ማዶ ያለችው የጀዚራ ደሴት ነገር አጭር ነው። ኬዲቭ እስማዒል በ1869 የስዌዝ ቦይ ሲመረቅ የፈረንሳይን ንግሥት ለመቀበል ቤተ መንግሥት አሠራባት፤ ዛሬ የእንግዶች ማረፊያ ሆቴል ሆኗል። የቀስር አል ኒል ድልድይ ቀድሞ በዚያው ዘመን ተሠርቶ ነበር፤ ዛሬ ያለው በ1933 የተመረቀው ነው። በሁለቱ ጫፍ ያሉት አራት የነሐስ አንበሶች ግን ከፊተኛው ድልድይ የተረፉ ናቸው። በ1961 የተፈጸመው የካይሮ ግንብ 187 ሜትር ከፍታ አለው። ከዳርቻው ጋራ የሚሄደው ሰፊ መንገድ በ1950ዎቹ ተዘረጋ፤ በ2022ም ለእግረኛ ብቻ የሆነ መተላለፊያ ከውሃው አጠገብ ተከፈተ። ማታ ማታ ሕዝቡ ከቤተ ሰቡ ጋራ ወጥቶ ነፋስ ይቀበልበታል።

ይሁን እንጂ እዚያ የሚቀመጠው ሰው ሙላትን አያውቅም። በ1902 በአስዋን የመጀመሪያው ግድብ ተፈጸመ፤ በ1970 ደግሞ ታላቁ ግድብ አለቀ። ከ1964 በኋላ የዓባይ ሙላት በካይሮ አልታየም። ወደ ከተማ ይገባ የነበረውም ቦይ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ተደፍኖ መንገድ ሆኗል። ግብጽ ከጐርፍና ከድርቅ ዳነች፤ የኤሌክትሪክ ኃይልም አገኘች። ነገር ግን ጭቃው በግድቡ ኋላ ባለው ሐይቅ ውስጥ ስለሚቀር ገበሬው በገንዘቡ ማዳበሪያ መግዛት ግድ ሆነበት። የሮዳው ጕድጓድ መተላለፊያዎቹ ተዘግተው ደርቋል፤ ጐብኚ እስከ ዓምዱ እግር ድረስ ይወርዳል። በኢትዮጵያም በ2011 የተጀመረው የኅዳሴ ግድብ በ2025 ተመረቀ፤ ስለ ውሃው የሚደረገውም ንግግር በሁለቱ መንግሥታት መካከል ገና አላለቀም።

ይህን ትምህርት የሚያስተምር መምህር ከመንደሩ ወንዝ ዳር ሮዳን በትንሹ ሊሠራው ይችላል። ቀጥ ያለ ጠንካራ እንጨት በክንድና በጣት ምልክት ተደርጎበት፥ ገና በግንቦት ውሃው ትንሽ ሳለ፥ ጐርፍ በቀጥታ ከማይመታው ስፍራ ይተከል። በክረምት ትምህርት ቤት ቢዘጋም፥ ለወንዙ ቅርብ የሆነ አንድ ጐልማሳ በየሳምንቱ ምልክቱን ከሩቅ እያየ ይጻፈው፤ ልጆች ግን በሙላት ጊዜ ወደ ውሃው አይቅረቡ። ሁለተኛም ከሞላው ወንዝ በጠርሙስ ውሃ ተቀድቶ ሳይነካ ይደር፤ በማግሥቱ ከታች የተቀመጠው አፈር በጣት ይለካ። የገበያውም የጤፍና የማሽላ ዋጋ በዚያው ገጽ ይጻፍ። መዝገቡ በትምህርት ቤቱ ሣጥን ይቀመጥ፤ በሚመጣው ዓመት ክረምት ከአዲሱ ጋራ ይተያያል።