የአሠራር ድርሰት፤ ዝንብ አጥማጅ ተክልን በቤት ስለ ማሳደግ

ባለፉት ትምህርቶች ተራኪና ሥዕላዊ ድርሰት እንዴት እንደሚጻፍ ተመልክታችኋል። አሁን የምንመለከተው የአሠራር ድርሰትን ነው። የአሠራር ድርሰት አንድ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚከናወን ለማያውቅ ሰው የሚያስረዳ ጽሑፍ ነው። ተራኪ ድርሰት ቢደክም አንባቢው ይሰለቻል፤ የአሠራር ድርሰት ቢደክም ግን ጕዳቱ በሥራው ላይ ይታያል። ወጡ ያርራል፤ ጨርቁ ያለ ልክ ይቈረጣል፤ ተክሉ ይደርቃል።

ለምሳሌ የመረጥነው ርእስ ሥጋ በል ተክልን በቤት ማሳደግ ነው። የመረጥነውም እንግዳ ነገር ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። ስለ አትክልት አያያዝ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው አብዛኛው ነገር ለዚህ ተክል መርዝ ስለሚሆንበት ነው። አንባቢው የለመደውን እንዲተው የሚጠይቅ ጽሑፍ ከሌላው ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

በቅድሚያ ርእሱን እናጥብብ። ሥጋ በል ዕፀዋት ብዙ ዐይነት ናቸው። በቦርኒዮና በሱማትራ የሚበቅለው ኔፔንቴስ ከቅጠሉ ጫፍ እንደ እንስራ ያለ ነገር አንጠልጥሎ ነፍሳትን በውስጡ ያሰጥማል፤ ድሮሴራ የሚባለው ደግሞ እንደ ጤዛ በሚያብረቀርቅ ሙጫ ይይዛል። የአንዱ አያያዝ ለሌላው አይሆንም። ስለ ሁሉም በአንድ ድርሰት ልጻፍ የሚል ሰው ስለ አንዱም በቂ ነገር ሳይናገር ይጨርሳል። ስለዚህ አንዱን ብቻ፣ ይኸውም ቬነስ ፍላይትራፕ የሚባለውንና እኛ እዚህ ዝንብ አጥማጅ የምንለውን እንውሰድ።

ዝንብ አጥማጅ በተፈጥሮ የሚገኘው በአሜሪካ፣ በሰሜንና በደቡብ ካሮላይና ግዛቶች፣ ለባሕር በሚቀርበው ሜዳ ላይ ነው። በ1759 እ.ኤ.አ. የሰሜን ካሮላይና ገዥ የነበረው አርተር ዶብስ ስለ ተክሉ በደብዳቤ ጻፈ፤ በ1768 እ.ኤ.አ. ጆን ኤሊስ ዲዮኒያ ሙስኪፑላ የሚለውን ሳይንሳዊ ስም ሰጠው፤ ቻርልስ ዳርዊንም በ1875 እ.ኤ.አ. ስለ ነፍሳት በል ዕፀዋት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ መረመረው። የቅጠሉ ጫፍ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ሁለት ገጽ አለው። በየገጹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቀጫጭን ፀጕሮች ቆመዋል። ዝንብ ፀጕሩን አንድ ጊዜ ቢነካ ቅጠሉ አይንቀሳቀስም፤ ሃያ ሴኮንድ ያህል ሳያልፍ ሁለተኛ ሲነካ ግን በሴኮንድ አንድ አሥረኛ ያህል ጊዜ ውስጥ ይከደናል። በዚህም አሠራር ነፋስ ያመጣው ገለባ ወይም የዝናብ ጠብታ በቀላሉ አያታልለውም።

ተክሉ ነፍሳት የሚያጠምደው የሚበቅልበት አሸዋማ መሬት ናይትሮጅንና ፎስፎረስ እጅግ ስለሚጐድለው ነው። ምግቡን ግን እንደ ሌላው አረንጓዴ ተክል በፀሐይ ብርሃን ኀይል ከአየርና ከውሃ ያዘጋጃል። እንግዲህ ዝንቡ ለተክሉ እንጀራው ሳይሆን ፍጉ ነው ማለት ነው። ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር የገባው አንባቢ ከዚህ በታች ከሚመጡት ትእዛዞች ብዙዎቹን በራሱ ሊደርስባቸው ይችላል።

አሁን የሚከተሉትን ሁለት አንቀጾች አነጻጽሩ።

አንቀጽ ሀ፦ «ተክሉን በጥሩ አፈር ትከሉት። ንጹሕ ውሃ አጠጡት። ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት። በየጊዜው መግቡት።»

አንቀጽ ለ፦ «ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ ከታች ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ መትከያ አዘጋጁ። ማዳበሪያ ያልተጨመረበት ፒት፣ ይኸውም በረግረግ ውስጥ ለብዙ ዘመን ተከማችቶ የጠቈረ የዕፅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ፣ አሸዋም አንድ እጅ ስፈሩ። አሸዋውን ደጋግማችሁ አጥባችሁ ከፒቱ ጋር ቀላቅሉ፤ የባሕር አሸዋ ጨው አለበትና አይሆንም። ድብልቁን በዝናብ ውሃ አርጥባችሁ በመትከያው ውስጥ ጨምሩ። የተክሉ ነጭ ክፍል ከድብልቁ በታች፣ አረንጓዴው በላይ እንዲሆን አድርጋችሁ ትከሉት። መትከያውን ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል የዝናብ ውሃ በያዘ ሳህን ላይ አቁሙ፤ ተክሉ የእርጥብ መሬት ልጅ ነውና ሥሩ መድረቅ የለበትም። የዝናብ ውሃ ባይገኝ ዲስቲልድ የሚባለውን፣ ተንኖ እንደገና የተጠራቀመውን ውሃ ተጠቀሙ። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ቦታ አኑሩት።»

አንቀጽ ሀ የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ተክሉን ይገድላል። «ጥሩ አፈር» ሲባል አንባቢው የሚያስበው ጥቁሩን፣ ፍግ የጠገበውን የጓሮ አፈር ነው፤ ከድኻ መሬት ጋር የተስማማው ሥር ግን በዚያ ይቃጠላል። «ንጹሕ ውሃ» ሲባል የቧንቧ ውሃ አፍልቶ ያቀርባል። መፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ማዕድን ሁሉ አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ መጠን የቀረው ማዕድን ይበረታል። ውሃ ሲፈላበት በኖረ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም። «ሞቅ ያለ ቦታ» የሚለውንም ያነበበ ተክሉን በመስታወት ዕቃ ከድኖ መስኮት ላይ ያኖረዋል፤ ፀሐይ ያረፈበት የተዘጋ መስታወት ደግሞ ውስጡ እንደ ምድጃ ይግላል። «ጥሩ»፣ «ንጹሕ»፣ «ሞቅ ያለ» የሚሉት ቅጽሎች ልክ አልተሰጣቸውም። ጸሐፊው ልኩን ካልሰጠ አንባቢው ከልማዱ አምጥቶ ይሞላዋል።

በአንቀጽ ለ ውስጥ «አጥባችሁ ቀላቅሉ» የሚለውን አስተውሉ። «አጥባችሁ» ቦዝ አንቀጽ፣ «ቀላቅሉ» ትእዛዝ አንቀጽ ነው። እንዲህ ሲቀናጁ ቦዝ አንቀጹ የሚቀድመውን ሥራ፣ ማሰሪያው አንቀጽ የሚከተለውን ያመለክታል። «ቀላቅላችሁ እጠቡ» ቢባል ግሦቹ ያው ናቸው፤ ፒቱ ግን ከእጣቢው ጋር ይፈሳል። ደግሞም «አይሆንም» ከሚለው ክልከላ በፊት «ጨው አለበትና» የሚል ምክንያት ገብቷል። ምክንያቱን ያወቀ አንባቢ በጽሑፉ ያልተጠቀሰ ነገር ሲገጥመው፣ ለምሳሌ ኖራ ያለበት አሸዋ ቢያገኝ፣ ራሱ ይፈርዳል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ስለ መመገብ የሚጻፈው አንቀጽ ነው። ተክሉን ያገኘ ሰው ሁሉ ጣቱን ሊሰድበት ይፈልጋል፤ «አትንኩ» ማለት ብቻውን ማንንም አይከለክልም። ይልቅስ አንዱ ወጥመድ በዕድሜው የሚያጠምደው ጥቂት ጊዜ ብቻ መሆኑን፣ በከንቱ በተከደነ ቍጥርም ኀይሉ እንደሚባክን ግለጹ። ከቤት ውጭ የሚኖር ተክል ራሱ ያጠምዳል። ቤት ውስጥ ለሚኖረው ከወጥመዱ ሲሶ የማይበልጥ ዝንብ ይበቃዋል፤ ሥጋና አይብ ግን ይበሰብሱበታል። የሞተ ዝንብ የሚሰጥ ሰው ወጥመዱ ከተከደነ በኋላ በቀስታ ያሻሸው፤ የተያዘው ካልተንፈራገጠ ወጥመዱ መልሶ ይከፈታልና። አንዱን ዝንብ ለመፍጨት ከ5 እስከ 12 ቀን ይወስድበታል።

በዚህ ርእስ ላይ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው በተለይ የሚሰናከልበት አንድ ቃል አለ። በባዕድ ቋንቋ የተጻፉ መጻሕፍት ተክሉ በብርዱ ወቅት እንደሚያንቀላፋ ይናገራሉ። ይህን «በክረምት ያንቀላፋል» ብለን ብንጽፍ የእኛ አንባቢ ሐምሌንና ነሐሴን ያስባል። በካሮላይና ግን የብርዱ ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው። በዚያን ጊዜ ተክሉ ለሦስት ወይም ለአራት ወር ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ያርፋል፤ ብዙ ቅጠሎቹ ይጠቍራሉ፤ ውሃም ጥቂት ይበቃዋል። ይህ ያልተነገረው አሳዳጊ ሞተ ብሎ በሕይወት ያለውን ተክል ይጥላል። ዕረፍቱን ያልሰጠው ደግሞ ተክሉ ከዓመት ወደ ዓመት ሲመነምን ያያል። ስለዚህ የወሩን ስም ጻፉ፤ የቅዝቃዜውን ልክ ጻፉ፤ አንባቢው በዐይኑ የሚያየውንም ለውጥ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ተክሉ ከየት እንደሚገኝም ሳይነገር መቅረት የለበትም፤ ቦታውም ከመትከል በፊት ነው። ዝንብ አጥማጅ በችግኝ ጣቢያ ይባዛል። ከዱር እየሰረቁ የሚሸጡ ሰዎች የትውልድ ቦታውን ስላራቈቱት ግን በሰሜን ካሮላይና ያለ ፈቃድ ከዱር መንቀል ከታኅሣሥ 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከባድ ወንጀል ሆኗል።

መልመጃ

1. ከአንቀጽ ለ ቦዝ አንቀጾችን አውጥታችሁ እያንዳንዱ ከየትኛው ትእዛዝ አንቀጽ ጋር እንደ ተያያዘ አመልክቱ። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ በሥራው ላይ የሚደርሰውን ችግር በአንድ ዐረፍተ ነገር ግለጹ።

2. ከዚህ በታች ያሉትን ትእዛዞች ልክና ምክንያት እየጨመራችሁ እንደገና ጻፉ።
ሀ. በቂ ውሃ ስጡት።
ለ. ብዙ አትመግቡት።
ሐ. በብርድ ጊዜ ተጠንቀቁለት።

3. በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ በሚገባ የምታውቁትን አንድ ሥራ መርጣችሁ ባለ ሦስት አንቀጽ የአሠራር ድርሰት ጻፉ። ሥራውን ለማያውቅ ጓደኛ ሰጥታችሁ ጽሑፉን ብቻ እያየ እንዲሠራ አድርጉ፤ እናንተ አጠገቡ ሆናችሁ ምንም አትናገሩ። እጁ ያመነታበትን ቦታ ሁሉ በጽሑፉ ላይ አስምሩበት፤ ከዚያም ያን ቦታ አርማችሁ ጻፉ።