አትሪቢዩት ለሚለጥፉ ፕሮግራመሮች የተሰጠ ማሳሰቢያ

በጋራ የሲ ሻርፕ ኮድ ላይ የምትሠሩ ሁሉ፣ አትሪቢዩት በራሱ ምንም እንደማይሠራ አትርሱ። መኪናውን የሚያቆመው ሾፌሩ እንጂ «ቁም» የሚለው ምልክት አይደለም። የአትሪቢዩት ሾፌሩ ኮምፓይለሩ ወይም በሪፍሌክሽን ፈልጎ የሚያነበው ላይብረሪ ነው። ከመለጠፋችሁ በፊት ማን እንደሚያነበው፣ የት ላይ እንደሚፈልገውም አጣሩ።

ሬኮርድ ላይ በተለይ ጥንቃቄ ይደረግ። እ.ኤ.አ. በ2020 ከሲ ሻርፕ 9 ጋር የመጣው ሬኮርድ በአንድ መስመር ሲጻፍ፣ በቅንፉ ውስጥ ስም ላይ የለጠፋችሁት «ሪኳየርድ» የሚያርፈው ፓራሜተሩ ላይ ነው፤ ከፓራሜተሩ በሚፈጠረው ፕሮፐርቲ ላይ አይደለም። ሪኳየርድ ለሁለቱም የተፈቀደ ስለሆነ ኮምፓይለሩ ዝም ይላል። «ቫሊዴተር» የተባለው ክላስ ግን ፓራሜተሩን አያይም፤ ያልተሞላ ስም ፍተሻውን በሰላም ያልፋል። መፍትሔው ከአትሪቢዩቱ በፊት «ፕሮፐርቲ» የሚል ኢላማ ጽፎ ሁለት ነጥብ ማድረግ ነው። ይህን ሰምታችሁ ደግሞ በየቦታው እንዳትደግሙት፦ ኤኤስፒ ዶትኔት ኮር የሬኮርድን ፍተሻ የሚያነበው ከፓራሜተሩ ላይ ነው፤ ፕሮፐርቲው ላይ ካገኘው ኤክሴፕሽን ይወረውራል። ያው ሬኮርድ፣ ያው አትሪቢዩት፣ ሁለት አንባቢ።

ሲኤስ0657 የሚለውን ማስጠንቀቂያ አትለፉት። ሜተድ ላይ «ፊልድ» የሚል ኢላማ ብትጽፉ ኮዱ ኮምፓይል ይሆናል፤ ኢላማው በተጻፈበት ቅንፍ ውስጥ ያሉት አትሪቢዩቶች ግን በሙሉ ችላ ይባላሉ። መቶ ማስጠንቀቂያ በተከማቸበት ፕሮጀክት ይህን ማን ልብ ይለዋል? ሌላውን ባትነኩ እንኳ ይህን አንዱን በፕሮጀክት ፋይሉ ላይ ወደ ስህተት ቀይሩት።

የራሳችሁን አትሪቢዩት ስትሠሩ «አትሪቢዩት ዩሴጅ» ሳትጽፉ ለባልደረባ አትስጡ። ካልተጻፈ ከአሴምብሊ እስከ ፓራሜተር የትም መለጠፍ ይቻላል። ለክላስ ብቻ ብላችሁ ከወሰናችሁ ግን ሜተድ ላይ የለጠፈውን ሰው ኮምፓይለሩ እዚያው ይመልሰዋል፤ እናንተን ደውሎ መጠየቅ አያስፈልገውም። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ መለጠፍ ካልፈቀዳችሁ በስተቀር የተከለከለ ነው፤ ወደ ልጅ ክላስ መውረስ ደግሞ ካልከለከላችሁ በስተቀር የተፈቀደ ነው።

«ኖንሲሪያላይዝድ» ፊልድ ላይ ብቻ ይለጠፋል። ፕሮፐርቲው በስውር በሚይዘው ፊልድ ላይ ለማሳረፍ «ፊልድ» የሚለውን ኢላማ አስቀድሙ፤ ይህ የሚሠራው ከሲ ሻርፕ 7.3 ወዲህ ነው። ከዚያ በቆየ ኮምፓይለር የምትሠሩ ከሆነ ፊልዱን ለብቻው ጽፋችሁ እዚያው ላይ ለጥፉት።