የአበባ ዛፍ ወይስ ቁጥቋጦ?

ዕጩ መምህራን! በምትመደቡበት ትምህርት ቤት ችግኝ ከማንሳታችሁ በፊት ቦታውን እዩት። መስኮት ሥር ዛፍ አይተከልም፤ ሲያድግ ብርሃን ይጋርዳል። እዚያ የሚስማማው ቁጥቋጦ ነው። ግን የትኛው? ኦሊያንደር ውሃ ቢያጥረውም በሮዝና በነጭ አበባው ያማልላል፤ ይሁንና ከሥሩ እስከ አበባው መርዝ ነው፣ የልብ ምት ያውካል። ልጅ ደግሞ ያገኘውን ቅጠል ሳያኝክ መች ይውላል! በእሱ ፈንታ የጥብስ ቅጠል ትከሉ። ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ አበባ ያወጣል፣ ሲከረከም አጥር ይሆናል፣ ከቅርንጫፉ ተቆርጦም ይበቅላል። ለሜዳው ጃካራንዳ ውብ ነው፣ ማን ይክዳል? ፍሬው ግን አይበላም። ደጋው ካልበረታ እኔ ለአገራችን ዋንዛ አደላለሁ፤ ነጭ አበባውን ንብ ትቀስመዋለች፣ የሚያጣብቀውን ጣፋጭ ፍሬ ልጆች ይለቅሙታል። ከግድግዳ አርቃችሁ፣ ጉድጓዱን ክረምት ሳይገባ ቆፍሩ።